ይሄ «ስኩዌር» የሚባል ነገር ለምንድነው ሁሉም ፎርሙላ ውስጥ የሚገኘው?

ጠያቂው

ሰላም ለሁላችሁ። ምናልባት የሞኝ ጥያቄ ነው፣ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ታናሽ እህቴን ፊዚክስ ሳስጠናት ነው ነገሩ የጀመረው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ማለት ግማሽ ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር (ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ) ነው አልኳት። «ለምን ስኩዌር?» አለችኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይሄንኑ ጠይቄ «ፎርሙላው እንደዚያ ነው፣ ሸምድደው» ተብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ልክ እንደዚያው ልመልስላት ስል ግን አፈርኩ።

ከዚያ ደብተሯን ማገላበጥ ጀመርኩ። ባላገላብጠው ይሻለኝ ነበር። ስበት በርቀት ስኩዌር ይካፈላል። የኤሌክትሪክ ቻርጆች መሳሳብም ያው ነው። የሚወድቅ ነገር የሚጓዘው ርቀት በጊዜ ስኩዌር ያድጋል። የክብ ስፋት ሬዲየስ ስኩዌር አለበት። ፓይታጎራስማ የታወቀ ነው። ሽቦ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ከረንት ስኩዌር፣ ስታቲስቲክስ ውስጥ ደግሞ ቫሪያንስ፣ ቁጥሮች ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን ስኩዌር ተደርጎ። አይንስታይን ጋ ስደርስ ጭራሽ የብርሃን ፍጥነት ስኩዌር! በብርሃን ፍጥነት ስኩዌር የሚሄድ ነገር አለ እንዴ?

ጥያቄዬን ላሳጥረው። ከዚህ ሁሉ ጀርባ አንድ ምክንያት አለ ወይስ ዝም ብሎ ግጥምጥሞሽ ነው? ደግሞስ ለምን ልክ 2? ለምን 2.1 ወይም 1.9 አይሆንም? ተፈጥሮ ሙሉ ቁጥር ላይ ምን አስቀመጣት? «ፎርሙላው ነው» ብሎ ለመመለስ የተዘጋጀ ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅርብኝ፣ እሱን አውቀዋለሁ።

የሉል ወዳጅ

ጥያቄህ የሞኝ አይደለም። በስበት ልጀምርልህ፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ግን ስበትን ለጊዜው እንተወውና ባዶ ቦታ ላይ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል አስብ። ብርሃኑ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሄዳል። አምፖሉን መሃል ላይ አድርገህ ሬዲየሱ 1 ሜትር በሆነ ሉል ብትሸፍነው ብርሃኑ በሙሉ የሉሉን ውስጠኛ ገጽ ይመታል። ሬዲየሱ 2 ሜትር በሆነ ሉል ብትሸፍነውስ? ብርሃኑ ያው ነው፣ አልጨመረም አልቀነሰም፣ የሚያርፍበት ገጽ ግን ሰፍቷል። የሉል ገጽ ስፋት 4 ጊዜ ፓይ ጊዜ ሬዲየስ ስኩዌር ነው። ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ገጹ 4 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። አለቀ። ጁፒተር ከፀሐይ ያላት ርቀት የመሬትን 5.2 እጥፍ ገደማ ነው፤ 5.2 በራሱ ሲባዛ 27 ይመጣል፤ እዚያ የሚደርሰው የፀሐይ ብርሃን እኛ ጋ ከሚደርሰው ወደ 27 እጥፍ ያነሰ ነው። ኬፕለር ለብርሃን ይሄን ሕግ በ1604 ጽፎታል። ኒውተን በ1687 ለስበት አዋለው። ኩሎም በ1785 ለኤሌክትሪክ ቻርጅ በሙከራ አሳየው።

አሁን «ለምን ልክ 2» ላልከው። 2 የመጣው ከ3 ላይ 1 ተቀንሶ ነው። እኛ ያለንበት ቦታ ሦስት አቅጣጫ አለው፤ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች። አንድን ነገር የሚሸፍነው ገጽ ደግሞ ምንጊዜም ከቦታው በአንድ አቅጣጫ ያንሳል። ዓለማችን እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ብትሆን ኖሮ ብርሃኑ የሚዘረጋው የክብ ዙሪያ ላይ ነበር። ዙሪያ ደግሞ ከሬዲየስ ጋር እኩል ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ በርቀት ብቻ ታካፍላለህ፣ ስኩዌር የሚባል ነገር አይመጣም። አራት አቅጣጫ ቢኖረን ደግሞ በርቀት ኪዩብ (ርቀት ሲባዛ በርቀት ሲባዛ በርቀት) ታካፍል ነበር። ታዲያ 2.1 እንዲሆን 3.1 አቅጣጫ ያለው ቦታ ልትፈልግ ነው? ወይም ደግሞ ነገርየው መንገድ ላይ መጥፋት አለበት፣ ጭጋግ ውስጥ ብርሃን እንደሚጠፋው።

ይሄ እንዲሁ የሐሳብ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። ሰዎች ቁጭ ብለው ለክተውታል። በ1971 የወጣ የላቦራቶሪ ልኬት አለ፣ በኩሎም ሕግ ላይ የተሠራ። ያ 2 ከትክክለኛው 2 የሚለይ እንኳን ቢሆን ልዩነቱ ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮ ደርድረህ ከዚያ የሚመጣ ቁጥር ነው።

ሁለት ሥራ

ከሉሉ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ከዘረዘርካቸው ግማሹን አይነካም። ከረንት ሉል ላይ አይዘረጋም፣ የሚሮጥ መኪናም እንደዚያው።

እኔ ነገሩን የማየው እንዲህ ነው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ሲሠራ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ በራሱ ይባዛል ማለት ነው። በቃ። ብስክሌት ላይ ሆነህ ፍጥነትህን እጥፍ አደረግከው እንበል። በየሰከንዱ የምትጋጨው አየር እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም እጥፍ መንገድ ነው የምትጠርገው። በዚያ ላይ እያንዳንዱን የአየር ቅንጣት የምትገፋው በእጥፍ ፍጥነት ነው። እጥፍ ብዛት ሲባዛ በእጥፍ ግፊያ 4 እጥፍ የአየር ተቃውሞ ይሰጥሃል። ፍጥነት ሁለት በር ገባ፣ ሁለቱም በር ላይ ተቆጠረ።

ሽቦውም ያው ነው። ኃይል ማለት ቮልቴጅ ሲባዛ በከረንት ነው። ግን ሽቦው ላይ የሚወርደው ቮልቴጅ ራሱ ከከረንቱ ነው የሚመጣው፣ ከረንት ሲባዛ በሽቦው ተቃውሞ። ስለዚህ ከረንት ሁለት ጊዜ ገባ። ለዚህ ነው ኤሌክትሪክ ረጅም መንገድ ሲላክ ቮልቴጁን ሰማይ የሚያደርሱት። ያንኑ ኃይል በ10 እጥፍ ቮልቴጅ ስትልከው ከረንቱ አሥረኛ ይሆናል፣ ሽቦው ላይ የሚባክነው ሙቀት ግን መቶኛ። ያ ስኩዌር ባይኖር እነዚያን ግዙፍ የብረት ማማዎች ማን ያቆም ነበር?

የሚወድቅ ነገርም እንደዚያው። ጊዜ በረዘመ ቁጥር ሁለት ነገር ይሆናል፦ የምትጓዝበት ጊዜ ይረዝማል፣ ፍጥነትህም ይጨምራል። ጋሊሊዮ ኳስ ተዳፋት ላይ እያንከባለለ ነው ይሄን ያየው። በመጀመሪያው እኩል የጊዜ ክፍል 1 እርምጃ ከሄደ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7። እስቲ ደምራቸው። 1፣ 4፣ 9፣ 16። ይሄን በ1638 አሳተመው። እኔ መጀመሪያ ሳየው «እንዴ» ብዬ ወረቀት ላይ እስከ 100 ድረስ ደምሬያለሁ፣ ሥራ ፈት ስለነበርኩ።

አንድ የመኪና ነገር ጨምሬ ልተው። ሁለት አንድ ዓይነት መኪኖች አሉ፣ ፍሬናቸው እኩል ነው። አንዱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 100 እየሄዱ ነው። ሁለቱም እኩል ቦታ ላይ ፍሬን ያዙ። የ60ው መኪና እንቅፋቱ ሥር ሲደርስ ጥንቅቅ ብሎ ቆመ። የ100ው መኪና እዚያው ቦታ ሲደርስ በስንት ፍጥነት ይመታዋል? አብዛኛው ሰው 40 ይላል። መልሱ 80 ነው። ፍሬኑ እዚያ ድረስ ከሁለቱም የሚወስደው ኢነርጂ እኩል ነው፣ ኢነርጂ ደግሞ በፍጥነት ስኩዌር ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ከ100 ስኩዌር ላይ 60 ስኩዌር ሲቀነስ የሚቀረው 80 ስኩዌር ነው።

ጠያቂው

80?! ቆይ ቆይ። 60፣ 80፣ 100። ይሄ እኮ 3፣ 4፣ 5 ነው፣ በ20 ተባዝቶ! የፓይታጎራስ ሦስት ማዕዘን ፍሬን ውስጥ ምን ይሠራል?

የሉሉ ነገር ገብቶኛል፣ አምፖሉን አልረሳውም። የሁለት ሥራውም ገብቶኛል። ግን እህቴ የጠየቀችኝ ኢነርጂውን ነው፣ እሱ ላይ አሁንም ቆሜያለሁ። ፍሬኑ ላይ ፍጥነት ስኩዌር የመጣው ኢነርጂ እንደዚያ ነው ስላልን ነው። ኢነርጂ እንደዚያ ነው ያለው ማነው? ለምን ዝም ብሎ ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት አይሆንም?

ጭቃ ኳስ

እንኳን አንተ፣ የአውሮፓ ሊቃውንትም ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረውበታል። የዴካርት ተከታዮች የእንቅስቃሴ መለኪያው ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት ነው ይሉ ነበር። ላይብኒዝ በ1686 ተነስቶ የለም፣ ፍጥነቱ ስኩዌር መሆን አለበት አለ። ክርክሩ ቀላል ነው። አንድ ድንጋይ ወደ ላይ ወርውር። አሁን በእጥፍ ፍጥነት ወርውረው። እስኪቆም እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፣ አማካይ ፍጥነቱም እጥፍ ነው፤ ስለዚህ 4 እጥፍ ከፍታ ይወጣል። 4 እጥፍ ከፍ ያደረገው ነገር እጥፍ ብቻ ነው ልትል አትችልም። በ1720ዎቹ ስግራቨሳንደ የሚባል ሆላንዳዊ የነሐስ ኳሶችን ለስላሳ ሸክላ ላይ እየጣለ ጉድጓዱን ለካ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የጉድጓዱ መጠን 4 እጥፍ ሆነ። ኤሚሊ ዱ ሻትሌ ደግሞ በ1740 ባሳተመችው የፊዚክስ መጽሐፏ የላይብኒዝን ወገን ይዛ ተከራከረች። በነገራችን ላይ በኋላ የኒውተንን መጽሐፍ ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመችው እሷ ናት።

ግን ያለ ስበትና ያለ ሙከራ፣ ቁጭ ብለህ በማሰብ ብቻ የሚወጣበት መንገድ አለ። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሁለት እኩል የጭቃ ኳሶች ፊት ለፊት ይምጡ፣ ሁለቱም በፍጥነት 1። ተጋጩና ተጣብቀው ቆሙ። የነበራቸው ኢነርጂ ሁሉ ሙቀት ሆነ። በፍጥነት 1 የሚሄድ ኳስ ያለውን ኢነርጂ ኢ(1) ብንለው ሙቀቱ 2 ጊዜ ኢ(1) ነው። እዚህ ድረስ ማንም አይጣላህም፣ ፎርሙላም አልጠቀስንም።

አሁን ይሄንኑ ግጭት በፍጥነት 1 ከሚሄድ ባቡር ላይ ሆነህ እየው። ባቡሩ ከአንደኛው ኳስ ጋር ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ለአንተ ያ ኳስ የቆመ ነው፣ ሌላኛው ግን በፍጥነት 2 ይመጣል። ከግጭቱ በኋላ የተጣበቁት ሁለቱ ኳሶች በፍጥነት 1 ሲሄዱ ታያለህ። እንግዲህ ከግጭቱ በፊት የነበረው ኢ(2) ነው። በኋላ ያለው ደግሞ የሁለቱ ኳሶች እንቅስቃሴ፣ 2 ጊዜ ኢ(1)፣ ሲደመር ሙቀቱ። ሙቀቱስ ስንት ነው? ጭቃው የሞቀው አንተ ባቡር ላይ ስለተቀመጥክ አይቀየርም! ያው 2 ጊዜ ኢ(1) ነው። ስለዚህ ኢ(2) እኩል ይሆናል 4 ጊዜ ኢ(1)።

ፍጥነት እጥፍ፣ ኢነርጂ 4 እጥፍ። የተጠቀምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ኢነርጂ አይጠፋም፣ የፊዚክስ ሕግ ደግሞ ቆሞ ላየውም እየሄደ ላየውም አንድ ነው። ኢነርጂ ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት ቢሆን ኖሮ ባቡሩ ላይ ያለው ሰው ሙቀት ዜሮ ሆኖ ያገኘው ነበር። ጭቃው ግን ሞቋል።

(ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ሲጠጋ ይሄ ደንብ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ያኔ ፍጥነቶች እንደዚህ ዝም ብለው አይደመሩም። ለኳስና ለመኪና ግን ከበቂ በላይ ነው።)

ጥርጣሬ አያልቅብኝም

ደስታችሁን ላበላሽ ነው የመጣሁት። ሁለት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ «ሁሉም ቦታ ስኩዌር ነው» የሚለው ራሱ የዓይን ማታለል ነው። ስኩዌር ስትፈልግ ስኩዌር ታያለህ። ኬፕለር በ1619 ባሳተመው ሦስተኛ ሕጉ ፕላኔቷ ፀሐይን የምትዞርበት ጊዜ ስኩዌር ነው፣ ግን እኩል የሚያድገው ከርቀቷ ኪዩብ ጋር ነው። የጋለ ነገር የሚያመነጨው ጨረር በሙቀቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ሙቀቱን ከፍጹም ዜሮ ጀምረህ ቆጥረህ እጥፍ ብታደርገው ጨረሩ 16 እጥፍ ነው። ባለ ብስክሌቱ ወዳጃችንም የአየር ተቃውሞው ስኩዌር ነው ብሎ አቆመ እንጂ፣ ያንን ተቃውሞ ለመቋቋም በየሰከንዱ የሚያወጣው ጉልበት ኪዩብ ነው፤ ፍጥነት ሦስተኛ በር አገኘ ማለት ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣው የባሕር ውሃ ከፍ ዝቅ ማለት ደግሞ በርቀታቸው ኪዩብ ነው የሚካፈለው። ፀሐይ መሬትን የምትስበው ከጨረቃ ወደ 180 እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ነው፣ ሆኖም ውሃውን ከፍ ዝቅ በማድረግ ጨረቃ ከእጥፍ በላይ ትበልጣታለች። ኪዩቡ ነው ሩቋን ፀሐይ የቀጣት።

የብርሃን ፍጥነት ስኩዌርን በተመለከተ፣ በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ነገር የለም፣ ፍጥነትም አይደለም። ኢነርጂ የሚለካው በኪሎ ግራም ሲባዛ በሜትር ስኩዌር ሲካፈል በሰከንድ ስኩዌር ነው። ኪሎ ግራምን ወደ ኢነርጂ ለመቀየር የፍጥነት ስኩዌር የሆነ ነገር ግድ ያስፈልግሃል፣ አለበለዚያ መለኪያው አይገጥምም። እርግጥ መለኪያው አይንስታይን በ1905 ያገኘውን በሙሉ አይሰጥህም፤ ስኩዌሩን ብቻ ነው የሚሰጥህ። እንደ ገንዘብ ምንዛሪ ቁጠረው፣ ምንዛሪው ግን አስደንጋጭ ነው። 1 ግራም 90 ትሪሊዮን ጁል ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ጭቃ ኳስ የተባልከው ወንድሜ፣ መንገድህ ቆንጆ ነው፤ ግን ያረጋገጥከው 2 ላይ 4 መሆኑን ብቻ ነው። 2 ላይ 4 ሆኖ 3 ላይ 9 የማይሆን ስንት ነገር አለ! 1፣ 4 ካለ በኋላ 7 ቢሆንስ? 10 ቢሆንስ?

ጭቃ ኳስ

ባቡሩን አፍጥነው። በ1 ፈንታ በ2 ይሂድ። የቀረውን ጠያቂው ያስላው፣ እኔ አልነካውም።

ስህተት ቆጣሪዋ

ቫሪያንሱን ማንም ስላልነካው እኔ ልግባ፣ እንጀራዬ እሱ ስለሆነ።

በየጊዜው የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። ከአማካይ ያለውን ርቀት ለምን በፍጹም ዋጋ (ምልክቱን ትቶ መጠኑን ብቻ) አትወስዱትም፣ ለምን ስኩዌር ታደርጉታላችሁ? «ኔጌቲቩን ለማጥፋት» የሚለው መልስ ሰነፍ መልስ ነው፣ ፍጹም ዋጋም ኔጌቲቭ ያጠፋል። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው። 1፣ 2፣ 9 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ውሰድና ለሁሉም የሚቀርብ አንድ ቁጥር ፈልግ። ቅርበትን በፍጹም ዋጋ ከለካህ መልሱ 2 ነው፣ መሃለኛው። በስኩዌር ከለካህ መልሱ 4 ነው፣ አማካዩ። አማካይን የምትወድ ከሆነ ሳታውቀው ስኩዌርን መርጠሃል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለት ስህተቶች አሉ እንበል፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይገናኝ። አንዱ በአብዛኛው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳስታል፣ ሌላው 4። አንድ ላይ ስንት ያሳስታሉ? 7 አይደለም፣ ምክንያቱም አንዳንዴ አንዱ ወደ ግራ ሲጎትት ሌላው ወደ ቀኝ እየጎተተ ይጠፋፋሉ። መልሱ 5 ነው። አዎ፣ ያው 3፣ 4፣ 5! የማይገናኙ ስህተቶች ልክ በ90 ዲግሪ እንደተቀመጡ ሁለት ጎኖች ነው የሚደመሩት። የሚደመረው ስህተቱ ሳይሆን ስኩዌሩ ነው። ለዚህ ነው ሳንቲም እየወረወርክ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ 100 እርምጃ ብትራመድ ከተነሳህበት የምትርቀው በአብዛኛው 10 እርምጃ ያህል የሚሆነው። ቅድም ያልኩትን፣ የስህተቶችን ስኩዌር ድምር የሚያሳንሰውን ቁጥር የመፈለግ ዘዴ፣ ለዣንድር በ1805 አሳተመው፣ ጋውስ በ1809 መጥቶ እኔ ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር አለ። ለዣንድር ምን ያህል እንደተናደደ መገመት ነው።

ኳንተም ላይም፣ ማለት የአተምና የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ ላይ፣ ያው ነገር አለ። እዚያ ቅንጣቱን የሚገልጸው ሞገድ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም ይሆናል (ከዚያም የባሰ ቁጥር ይሆናል፣ እሱን እንለፈው)፣ ስለዚህ በቀጥታ ይሆንታ (አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ) ሊሆን አይችልም። «ዝናብ የመዝነቡ ይሆንታ ኔጌቲቭ 60 በመቶ ነው» የሚል ነገር የለማ። በ1926 ማክስ ቦርን መጀመሪያ ይሆንታው ሞገዱ ራሱ ነው ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ጽሑፉ ሊታተም ሲል ግርጌ ማስታወሻ ላይ «በደንብ ስናስበው ስኩዌሩ ነው» የሚል ማረሚያ ጨመረ። በ1954 ኖቤል ሲሸለም ዋናው ምክንያት ያ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ያለው ሐሳብ ነው። ሰው በግርጌ ማስታወሻ ኖቤል ሲያገኝ እኔ ሙሉ ሪፖርት ጽፌ የሚያነብልኝ የለም።

ስኩዌሩ እዚህ ለምን እንደሚሠራ ደግሞ እይ። ሞገዱ 0.6 እና 0.8 የሆኑ ሁለት ክፍሎች ካሉት ስኩዌራቸው 0.36 እና 0.64 ነው፣ ድምሩ 1። ጊዜ ሲያልፍ ክፍሎቹ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ ያድጋል ሌላው ያንሳል። ልክ ባለ 1 ሜትር ዱላ እንደማዞር ነው፤ ዱላው ቢዞርም ርዝመቱ አይቀየርም፣ ርዝመት ደግሞ የሚጠበቀው በስኩዌር ድምር ነው። ኪዩብ ብታደርገው ዱላው ሲዞር ድምሩ ይዋዥቃል፣ አንዴ 70 በመቶ አንዴ 100 በመቶ እየሆነ። ጠያቂው «አንድ ምክንያት አለ ወይ» ላልከው የእኔ ግምት ይሄ ነው፦ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ ወደ ፓይታጎራስ ይመለሳሉ። ቦታ ውስጥ ስትዞር የማይለወጠው ነገር የስኩዌሮች ድምር ነው። እዚያ ላይ የተመሠረተ ሁሉ ስኩዌር ይዞ ይመጣል።

ሸለቆ

አንድ የረሳችሁት አለ። ስፕሪንግ ውስጥ የሚጠራቀም ኢነርጂም ርዝመቱ የተለወጠበት መጠን ስኩዌር ነው፣ ፔንዱለምም ትንሽ ሲወዛወዝ እንደዚያው፣ አተሞች ሲንቀጠቀጡም እንደዚያው። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ማንኛውም የተረጋጋ ነገር ሸለቆ ግርጌ ላይ ነው የተቀመጠው። ግርጌው ላይ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ነገር የለም። ግራና ቀኝ ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚሄዱት፤ ኪዩብ ደግሞ በአንድ በኩል ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ይሄዳል። የሚቀረው የመጀመሪያው ነገር ስኩዌር ነው። ሸለቆው ሩቅ ላይ ምንም ዓይነት ቅርጽ ይኑረው፣ ግርጌው አካባቢ በቅርበት ስታየው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ጎድጓዳ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ስኩዌር የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን እኛ ወደ ግርጌው ተጠግተን ስለምናይ የሚመጣ ነው።

ጠያቂው

ባቡሩን አፈጠንኩት!

በፍጥነት 2 የሚሄድ ባቡር ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ኳስ በ3 ይሄዳል፣ ሌላው በ1 (ወደ ኋላ የቀሩት ሁለቱም ከእኔ እይታ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት፣ መጀመሪያ እሱ ነው ያምታታኝ)። ከተጣበቁ በኋላ ሁለቱ አብረው በ2 ይሄዳሉ። ከግጭቱ በፊት ኢ(3) ሲደመር ኢ(1)። በኋላ 2 ጊዜ ኢ(2) ሲደመር ያ ሙቀት፣ 2 ጊዜ ኢ(1)። ኢ(1)ን 1 አልኩት፣ ኢ(2) ደግሞ 4 መሆኑን ጨርሰናል። 8 ሲደመር 2፣ 10። ከዚያ ላይ ያቺ የ1ዱ ኳስ ኢነርጂ ስትቀነስ 9።

9! አላመንኩም። ባቡሩን ወደ 3 አሳደግኩት። አሁን ኳሶቹ በ4 እና በ2 ይሄዳሉ፣ ተጣብቀው በ3። ኢ(4) ሲደመር 4 እኩል ይሆናል 18 ሲደመር 2። 16 ወጣ። ጥርጣሬ አያልቅብኝም፣ ባቡሩ በሄደ ቁጥር ማምለጫ የለህም ወንድሜ። 7ም 10ም አይሆንም።

ስህተት ቆጣሪዋ

ያገኘኸውን ደንብ ልብ ብለህ እየው። የድምሩ ኢነርጂ ሲደመር የልዩነቱ ኢነርጂ እኩል ይሆናል የሁለቱ ኢነርጂ እጥፍ። ፍጥነቶቹን አንድ መስመር ላይ አታድርጋቸው፣ እንደ ሁለት ቀስት አስቀምጣቸውና ትይዩ ጎን ያለው ቅርጽ ሥራባቸው። ሁለቱ ሰያፎች ስኩዌራቸው ሲደመር ከአራቱ ጎኖች ስኩዌር ድምር ጋር እኩል ነው። ያው ደንብ ነው። ፓይታጎራስ ፍሬን ውስጥ ምን ይሠራል ብለህ ነበር።

ጠያቂው

ፀጉሬ ቆመ። ለእህቴ ጭቃውንም ባቡሩንም አሳየኋት፣ 25ን ራሷ አወጣችው። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ «እሺ፣ ግማሹስ ከየት መጣ?» አለችኝ።

ሁለት ሥራ

ከጋሊሊዮ በላት። የቆመ ነገር ስትገፋ ፍጥነቱ ከዜሮ ተነስቶ እኩል እያደገ ይሄዳል፣ ስለዚህ መንገዱን የሚሄደው በመጨረሻው ፍጥነት ሳይሆን በአማካዩ ነው፣ በግማሹ። የሠራኸው ሥራ ግፊያ ሲባዛ በርቀት ነው። ግፊያው ግዝፈት ሲባዛ በፍጥነት ሲካፈል በጊዜ፣ ርቀቱ ደግሞ ግማሽ ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ። ጊዜ ከጊዜ ይሰረዛል። የቀረውን ታንብብልህ።